የካሣሁን አሥር ዓመት

በእሪ በከንቱ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ የአንድ ቤት ራዲዮ የሁለት ቤት ራዲዮ ነው። የዚያን እሁድ የጠዋቱ ዜና ከወይዘሮ ለተኪዳን ክፍል በግድግዳው በኩል ሲመጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ ካሣሁን ቂጣውን በሻይ እየነከረ ነበር። አንባቢው ስለ ብሔራዊ ውትድርና በሚወጣው አዋጅ ላይ ሕዝቡ በየቀበሌው ተሰብስቦ እንደሚወያይ፣ አገልግሎቱም ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት የሆኑትን ሁሉ እንደሚመለከት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ረጋ ብሎ አነበበ። ሚስቱ ሙሉእመቤት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ የተቀደደ ካልሲ ትሰፋለች። ቀና ሳትል፣ «እስከ ሠላሳ ነው ያለው?» አለች። «እንጃ፣ በደንብ አልሰማሁም» አላት። በደንብ ሰምቷል። ቂጣው ሻዩ ውስጥ ፈርሶ አለቀ። ከግድግዳው ማዶም ለተኪዳን ራዲዮዋን ዘጋች።

ካሣሁን በቀበሌው ቅጽ ላይ ልክ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። የተወለደው ግን ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ቀበሌው ነዋሪውን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ፀሐፊው «የትውልድ ዘመን?» ብሎ የጠየቀው ሙሉእመቤት በሩ ላይ ቆማ ሳለ ነው። እሷ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ከተጫጩም ገና ሦስት ሳምንታቸው። እጮኛው ፊት «ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው» የሚል ወንድ አራዳ ውስጥ ቢኖርም ያ ሰው ካሣሁን አልነበረም። «አርባ አምስት ዓመተ ምሕረት» አለ፣ ፀሐፊው ጻፈ፣ ካሣሁን ፈረመ፤ አሥር ዓመት እንደ ጢም ተላጨ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቁጥር ለማኖር የሚያስፈልገው በየሁለት ሳምንቱ ከሙደሲር ሱቅ በብር ከሃምሳ የሚገዛው ጥቁር የፀጉር ቀለም ብቻ ነበር። «ለደንበኛ ነው» ይላል ሲገዛ። ሙደሲርም ጨዋ ነጋዴ ስለሆነ ደንበኛው ማን እንደሆነ ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠየቀውም።

የቀበሌው ስብሰባ ያንኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ የወሩን ስኳር አያገኝም፣ ስለዚህ መቅረት አይታሰብም። ካሣሁን ጃኬቱን ደረበና «ቶንዶሱን ዘይት ቀብቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ዳገቱን ሲወጣ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚዞረው አንድ ነገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሚለው ወረቀት በቀበሌው እጅ ነው፣ አርባ ዓመት የሚለው ማስረጃ ደግሞ በራሱ ላይ ነው፣ እሱም በቀለም ተሸፍኗል። ፒያሳ ከጊዮርጊስ በሚመለሱ ነጭ ለባሾች ተሞልታለች። ኬክ ቤቶቹ ተከፍተዋል፣ የሲኒማው ማስታወቂያ ሥር ግን ሌላ ጊዜ የሚንጫጫው ጎረምሳ ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ጋዜጣ አዟሪው ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚጣራው። አንድ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ መንገዱ ላይ ቆሞ በጣቶቹ አንድ ነገር ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ፣ ከዚያ ፊቱ ፈካ ብሎ ማኪያቶ ሊጠጣ ገባ። ካሣሁን ሰውየው የቆጠረው ምን እንደሆነ ገባው፣ ቀናበትም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እርጅና ቀና።

ፀጉር ቤቱ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው፤ አንድ ጣሊያን ፀጉር ቆራጭ ትቷቸው የሄደ ሦስት ወንበሮች አሉት፣ ሁለቱ ይዞራሉ፣ አንዱ አይዞርም። ካሣሁን እዚያ በአንድ ነገር ይታወቃል። ቆርጦ ሲጨርስ ትንሿን መስተዋት ከደንበኛው ማጅራት ኋላ ይይዝና «በል፣ አምስት ዓመት ወረደልህ!» ይላል። ላገባም ላላገባም፣ ለሻምበልም ለሸማኔም ያው አምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ቀንሶም ጨምሮም አያውቅም። እሁድ ስለሆነ ቤቱ ዝግ ነው። በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ጃኬቱን አውልቆ ራሱን ከቧንቧው ሥር ደፋ። በሳሙና አሸ፣ እንደገና በሳሙና አሸ፣ በኦሞም ሞከረ። ውሃው ትንሽ ጠቆረ፣ ፀጉሩ ግን የሙደሲር ዕቃ ምን ያህል የታመነ እንደሆነ አሳየው። ለሃያ ዓመት የሰው ፀጉር የያዘ ሰው ሥር ሥሩ ላይ ያለው ሽበት ለቀበሌው ማስረጃ እንደሚሆን ማሰብ ነበረበት። ሲጨነቅ ግን ሰው ሙያው ወደሚወስደው ይሄዳል። ሐሰተኛውን ምስክር ከራሴ ላይ ላንሣ ብሎ ቶንዶሱን አነሣ፣ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ነዳው፣ የቀረውን በምላጭ ጠራረገው።

ከዚያ ቀና ብሎ መስተዋቱን አየ። ሽበቱም ከቀለሙ ጋር ወለሉ ላይ ተኝቷል። መስተዋቱ ውስጥ ራሱ እንደ ሎሚ የሚያብረቀርቅ፣ ጆሮዎቹ የወጡ፣ ጢሙን ጠዋት በልማዱ ሙልጭ አድርጎ የተላጨ አንድ ምልምል ወታደር ቆሞ ያየዋል። የጎደለው ቁምጣና ጠመንጃ ብቻ ነው። ካሣሁን ትንሿን መስተዋት አንሥቶ የማጅራቱን ኋላ አየ፤ እዚያም አንድ ዓመት እንኳ የለም። ለሺህ ሰው የነገረውን ራሱ እንዴት እንደረሳው ሲያስበው ሳቁ መጣ፣ ሳቁ መንገድ ላይ ሳለ ደግሞ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ኮፍያ ፈለገ፤ የፀጉር ቆራጭ ቤት ኮፍያ የለውም።

የቀበሌው አዳራሽ ድሮ የአንድ ሀብታም ሳሎን ነበር፤ ጣሪያው ላይ ያለው የጂብሰም አበባ አሁንም አለ፣ ከሥሩ መፈክር ተሰቅሏል። ካሣሁን ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ። ሙሉእመቤት ከፊት በሴቶቹ በኩል ሆና ዞር ብላ አየችው። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደሥላሴ የቀረበውን ሐሳብ አነበበና ሕዝቡ በነፃነት አስተያየት እንዲሰጥ ጋበዘ። ድጋፉ ወንድ ልጅ በሌላቸው ሰዎች በኩል እጅግ ጠንካራ ነበር። የሰባ አንድ ዓመቱ ጡረተኛ አቶ መርሻ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መትተው «ዕድሜዬ ቢፈቅድልኝ ዛሬውኑ እዘምት ነበር!» አሉ፣ ተጨበጨበላቸው። አራት ሴት ልጆች ያሏት የሺዓለም «እኛ እናቶች ልጆቻችንን በእልልታ እንሸኛለን» ብላ እልል አለች። የወንዶቹ እናቶች በጎን አይተዋት በቀስታ አጨበጨቡ፤ ላለማጨብጨብም እጁ የራስ መሆን አለበት፣ የነሱ እጅ ደግሞ የራሳቸው አልነበረም።

ለተኪዳን ተነሣች። ከአድዋ አውራጃ መጥታ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የኖረች፣ ባሏ የሞተባት፣ በርበሬ እየቸረቸረች አንድ ልጇን አታክልቲን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰች ሴት ናት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ መጠየቅ ይቻላል ካላችሁ ብዬ ነው» አለች። «አንድ ልጅ ብቻ ያለው ሰው እንዴት ይሆናል?»

«ሀገርም ያለችን አንዲት ናት፣ ወይዘሮ ለተኪዳን» አለ ወልደሥላሴ። ተጨበጨበ። ለተኪዳን ተቀመጠች።

ወልደሥላሴ ሌላ አስተያየት ፍለጋ ዓይኑን ወደ ኋላ ሲልክ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የካሣሁን ራስ ላይ አርፎ ነበር። «እስቲ ያ ኋላ ያለው፣ የተላጨው ወጣት! ተነሥ። የማን ቤት ልጅ ነህ አንተ?»

ካሣሁን ተነሣ። ወልደሥላሴ ከመነጽሩ በላይ አየው፣ ከመነጽሩ በታች አየው። «ካሣሁን ነህ እንዴ? ፀጉር ቆራጩ?» ከዚያ ፊቱ በራ፣ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ጓዶች፣ ንቃት ማለት ይህ ነው! እኛ ገና እየተወያየን፣ እሱ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ለመሄድ ተዘጋጅቶ መጣ!» አዳራሹ ጭብጨባውን አቀለጠው። አቶ መርሻ ከዘራቸውን አነሡ። ካሣሁን በአርባ ዓመቱ እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም፤ ለአንድ አፍታም፣ ይህን ኋላ ሲያስበው ያፍርበታል፣ ደስ አለው። ደረቱንም ነፋ አደረገ። ወልደሥላሴ ቀጠለ፤ ነገ አብዮት አደባባይ የድጋፍ ሰልፍ አለ፣ ዕድሜያቸው የደረሰ የቀበሌው ወጣቶች በሙሉ እንደ ጓድ ካሣሁን ተላጭተው ይሰለፋሉ፣ ሌላ ቀበሌ ይህን አስቦትም አያውቅም። ላጪም ከመካከላችን አለ። ፀሐፊው ቅጹን አውጥቶ ስም ይጥራ፤ አንደኛ ይሁን ጓድ ካሣሁን።

የካሣሁን ደረት ያኔ ተነፈሰ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እንኳ... ዕድሜዬ ትንሽ አልፏል» አለ።

«ስንት ነው ዕድሜህ?»

ሙሉእመቤት ዞራ እያየችው ነበር። አርባ የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣች፣ የሚስቱን ዓይን አየች፣ ተመለሰች። «ሠላሳ... አንድ ገደማ» አለ። ወደ ጦር ሜዳ ሊላክ ምንም ሳይቀረው፣ ዕድሜውን አሁንም በችርቻሮ ነበር የሚሸጠው።

ፀሐፊው ቅጹን አነበበ፤ የትውልድ ዘመን አርባ አምስት፣ ዕድሜ ሠላሳ ዓመት፣ ፊርማውም አለ። ወልደሥላሴ «አንድ ዓመት ጨምረህ ለማምለጥ ነው?» ሲል ጭብጨባው ወደ ማጉረምረም ተለወጠ። አሁን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም፤ ከግዳጅ ለመሸሽ የዋሸ የሚባል ሰው በዚያ ዘመን ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል።

ሙሉእመቤት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለቤቴ አርባ ዓመቱ ነው» አለች።

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት እንደተወለደ እህቱ በመልሳችን ቀን ነግራኛለች። ባትነግረኝም የትራሱን ልብስ ሰባት ዓመት ሙሉ የማጥበው እኔ ነኝ። ጥቁሩ አይለቅም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሺዓለም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አቶ መርሻም ተነሥተው ይኼ ልጅ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ጣሊያኑ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ወለል ሲጠርግ ጢም እንደነበረው፣ እሳቸውም ያኔ ፀጉር እንደነበራቸው መሰከሩ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አብረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወልደሥላሴ ራሱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «አርባ ተብሎ ይስተካከል። ለውሸቱ ቅጣት ዛሬ ከሰዓት ወጣቶቹን በሙሉ በነፃ ይላጭ» አለ። ካሣሁን ጆሮው ድረስ ቀላ፣ ግን ተነፈሰ። ድኗል።

ሳቁ ገና ሳያልቅ ለተኪዳን እንደገና ተነሣች። ድምፅዋ ከቅድሙ ደፈር ብሏል፣ በሩ ተከፍቶ ያየች መስሏት። «እንግዲያው የልጄም ይስተካከልልኝ» አለች። «አታክልቲ አሥራ ሰባት ነው። ለትምህርት ቤት ብዬ ነው አንድ ዓመት የጨመርኩበት፤ እሱም እዚያው ቅጽ ላይ ተጻፈ። ቤት ብቻውን ከሚውል ብዬ ነው።»

ወልደሥላሴ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ዛሬ የሰው ዕድሜ ሁሉ ሊለወጥ ነው? ምስክርሽ ማን ነው?»

ለተኪዳን ዞራ ካሣሁንን አየችው። ካሣሁን ምስክር ነበር። ያኔ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነው፤ የሚነካ ደርሷል፣ የማይነካ ይመለሳል። አታክልቲ በአምስት ዓመቱ ጣቱ ጆሮው ዘንድ ሊደርስ ትንሽ ይቀረው ነበር። እናቱ በምዝገባው ዋዜማ ወደ ካሣሁን ወስዳው፣ እሱም ድፍን ጎፈሬውን ከሥሩ አንሥቶ ያቺን ጣት የምታህል መንገድ አሳጠረለት። ልጁ ነካ፣ ገባም። ካሣሁን ለዚያ ሙያው ለብዙ ዓመት ሲኮራበት ኖሯል።

«እውነቷን ነው!» አለ ካሣሁን ሳይጠየቅ ተነሥቶ። «ፀጉሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጆሮው አልደረሰለትም ነበር፣ እኔ ነኝ ያደረስኩት። ልጁ አሥራ ሰባት ነው!»

እጁን በተላጨው ራሱ ላይ አሳልፎ ጆሮውን እየነካ ነበር የሚያስረዳው። አዳራሹ ከቅድሙ በላይ ሳቀ። ካሣሁን እንዲያምኑት ድምፁን ባነሣ ቁጥር ሳቁ ጨመረ፤ ሠላሳ አንድ ገደማ የሚለው ሰው ነው የሚናገረው። «አንተ የራስህን ዕድሜ አውቀህ ና» አለ ወልደሥላሴ። «ለዛሬ አንድ ሰው ይበቃናል። ፀሐፊ፣ ቀጥል።» ለተኪዳን ተቀመጠች። ካሣሁን ግን እጁን ገና ከጆሮው አላወረደም። በሰባት ዓመት ውስጥ አንዴ እውነት መናገር አስፈልጎት፣ የሚገዛው አጣ።

ዕቃውን ለማምጣት ወደ ፀጉር ቤቱ ሲሄድ ሙሉእመቤት አብራው ሄደች። ዳገቱን ወጡ። ፒያሳ ላይ ሲደርሱ «ሰባት ዓመት ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«ደስ ይልህ ነበራ» አለች። «ቀለሙን በተቀባህ ቀን እያፏጨህ ነው የምትገባው።» ትንሽ ሄዳ ደግሞ «ለተኪዳንስ ብትሆን ሁሉን እየሰማች ሰባት ዓመት ዝም ብላልህ የለ? ግድግዳችን እኮ አንድ ነው» አለች። ካሣሁን በአንድ ጊዜ ወደዳት፣ አፈረም። የሙደሲርን ሱቅ አልፈው ሲሄዱ ሙደሲር የካሣሁንን የተላጨ ራስ አይቶ፣ ሰላም ብሎ፣ በጨዋነት ወደ ሌላ በኩል ዞረ።

ከሰዓት በኋላ በቀበሌው ግቢ ወንበር ወጣ፣ ከፊቱ ትልቅ መስተዋት ተሰቀለ፣ ነጭ ጨርቅ ተዘረጋ፣ ወጣቶቹ ተሰለፉ። ለዚህ ሁሉ ሐሳቡን የሰጠው የካሣሁን ራስ ነበር፤ ልጆቹም ያንን ያውቃሉ፣ ግን እንደ ጎረምሳ ወጉ ይቀላለዱበታል። «ጋሼ፣ ለኔ አሥር ዓመት አውርድልኝ፣ ወደ አንደኛ ክፍል ልመለስ» አለው አንዱ። ሌላው የትራስ ልብስ ጠየቀው። ካሣሁን ሳቀላቸው፤ መሳቅ ዕዳው ነው። ቶንዶሱ እስኪግል ድረስ ላጨ። እግሩ ሥር የፀጉሩ ክምር እያደገ ሄደ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ሽበት አልነበረም።

አታክልቲ ዘጠነኛ ነበር። ለተኪዳን ከወንበሩ ጎን ቆመች። ጎፈሬው ሲወድቅ ከመሬት አነሣችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ ማንም «ምን ያደርግልሻል?» አላላትም። «ወደይ» አለች አንዴ፤ በቋንቋዋ «ልጄ» ማለቷ ነው። ካሣሁን የልጁን ጆሮ ሲያጥፍ እጁ ከዚያው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከሠራበት ቦታ ደረሰ። ያኔ ልጁ እንዳይንቀሳቀስ ከረሜላ አጉርሶት ነበር፤ አሁን ሳይታዘዝ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ላጨው፣ ሲያልቅም እንዳላለቀ ሁሉ ደጋግሞ በፎጣ ጠራረገው። ፀሐፊው ከጠረጴዛው ሆኖ «ቶሎ በል እንጂ!» አለ።

አታክልቲ ጨርቁ ሳይነሣለት ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳለፈና ግራ ጆሮውን ያዘ። ጆሮውን አልፎ ጉንጩ ድረስ ደረሰ። «እይልኝ ጋሼ፣ አሁን እንደልብ ይደርሳል» ብሎ ሳቀ። የሚሳቅ ነገር ስለነበር አይደለም፤ እናቱ እያየችው ስለነበር ነው።

ካሣሁን በልማዱ ትንሿን መስተዋት አንሥቶ ከልጁ ማጅራት ኋላ ያዘ። አፉም በልማዱ ተከፈተ፣ ከዚያ ተዘጋ።

«አምስት ዓመት ወረደልኝ አይደል?» አለ አታክልቲ።

«አንዱ በወረደልህ» አለ ካሣሁን። «አንዱ ብቻ በወረደልህ ልጄ።»

ካሣሁን መስተዋቱን ቶሎ ስላወረደው ልጁ ማጅራቱን በደንብ አላየም። ፀሐፊው አሥረኛውን ስም ጠራ፣ አታክልቲም ጨርቁን ራሱ አንሥቶ ለሚቀጥለው አራገፈለት።